«ኪኒኑን ዛሬውኑ ጣሉት» ላለው ጽሑፍ ከጅማ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ጅማ ውስጥ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የሰነበተ «ኪኒኑን ዛሬውኑ ጣሉት» የተሰኘ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው ስማቸውን አልጻፉም። የሚሉት ሲጨመቅ ይህን ይመስላል፤ ለአእምሮ ሕመም የሚታዘዝ መድኃኒት ሁሉ ሱስ ያስይዛል፤ ኪኒን እንደ እሾህ ነው፣ በአንዴ ሲነቀል ነው የሚሻለው፣ ሐራራውም በ3 ቀን ይወጣል፤ በአንዴ ያቃተው በግማሽ ይውሰድ፣ ከዚያ አንድ ቀን እየዘለለ ይተወው፤ ሐኪም አንዴ ካስጀመረ አያስቆምም፤ ካቆሙ በኋላ የሚሰማ ነገር ሁሉ መድኃኒቱ የተወው መርዝ ነው፤ ለእንቅልፍ ጥቁር አዝሙድ በማር ይበቃል፤ የተረፈውን ኪኒን ለተቸገረ መስጠት ጽድቅ ነው።

እኛ እዚሁ ጅማ በሥነ አእምሮ ሕክምናና በፋርማሲ የምንሠራ ባለሙያዎች ነን። ጽሑፉን ችላ ብለን ማለፍ ያልቻልነው ሙሉ በሙሉ ሐሰት ስላልሆነ ነው። ሙሉ ሐሰት ቢሆን አንባቢው ራሱ ይጥለው ነበር። ቁጣው ብዙ ቦታ ላይ ተገቢ ነው፤ የሚሰጠው መመሪያ ግን ሰው ይገድላል። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ እንሂድበት።

«የአእምሮ መድኃኒት ሁሉ ሱስ ያስይዛል»

በአንድ የአእምሮ ሕክምና ክፍል በአንድ ቀን የሚታዘዙትን እንቁጠር፤ ዲያዜፓም፣ አሚትሪፕቲሊን፣ ፍሉኦክሰቲን፣ ሰርትራሊን፣ ሪስፔሪዶን፣ ኦላንዛፒን፣ ክሎርፕሮማዚን፣ ሃሎፔሪዶል፣ ካርባማዜፒን፣ ሶዲየም ቫልፕሮኤት፣ ፌኖባርቢታል፣ አርቴን። እነዚህ አንጎል ውስጥ የሚሠሩት ሥራ ይለያያል፤ ሲቆሙ የሚያመጡትም እንደዚሁ።

የጸሐፊው ክስ በአብዛኛው የሚሠራው ዲያዜፓምና ዘመዶቹ ላይ ነው፤ ሎራዜፓም፣ ክሎናዜፓም፣ አልፕራዞላም፣ ብሮማዜፓም። በየቀኑ ሲወሰዱ በጥቂት ሳምንታት ሰውነት ይለምዳቸዋል። አንዳንዱ ሰው ደግሞ ከዚያ አልፎ መጠኑን በራሱ እየጨመረ፣ ከአንዱ ፋርማሲ ወደ ሌላው እየዞረ ወደለየለት ሱስ ይገባል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2020 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደዚሁ ናቸው) ለዚህ ቤተሰብ መድኃኒቶች በሙሉ በሣጥን የተከበበውን ከባድ ማስጠንቀቂያ አሻሽሎ ሱስን፣ የሰውነት ጥገኝነትንና የማቋረጥ ሕመምን በስም አስገብቷል። በእኛም አገር በልዩ የሳይኮትሮፒክ ማዘዣ ወረቀት ብቻ እንዲሰጡ የተደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። ያለ ማዘዣ በፍሬ እየቆጠረ የሚሸጥላችሁ ካለ ውለታ እየዋለላችሁ አይደለም።

አሚትሪፕቲሊን፣ ፍሉኦክሰቲን፣ ሰርትራሊን የመሳሰሉት ለድባቴና ለጭንቀት የሚታዘዙት ሌላ ናቸው። ሰውነት ይለምዳቸዋል፣ በድንገት ሲቆሙም ያማል፤ ነገር ግን ሰውን «ጨምርልኝ» እያሰኙ አያሯሩጡም። በሌላ በኩል «እነዚህ ምንም አያመጡም፣ ዝም ብለህ አቁም» የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ እሱም ተሳስቷል። የእንግሊዝ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ለረጅም ጊዜ «ቀላልና በራሱ የሚያልፍ ነው» ሲል ቆይቶ በ2019 አቋሙን ቀይሯል፤ አንዳንድ ሰው ላይ ሊበረታና ሊቆይ እንደሚችል ተቀብሏል። በ2024 በላንሴት ሳይካያትሪ መጽሔት የወጣ፣ ብዙ ጥናቶችን በአንድነት የመረመረ ሥራ እንዳሳየው ፀረ ድባቴ መድኃኒት ካቆሙ ሰዎች 31 በመቶ ያህሉ የማቋረጥ ምልክት አይተዋል። መድኃኒት የሌለበት ባዶ ኪኒን ካቆሙትም 17 በመቶ ያህሉ አይተናል ብለዋል። ብዙዎቹ ጥናቶች ያተኮሩት ለጥቂት ወራት በወሰዱ ሰዎች ላይ ስለነበር ዓመታት ለቆየበት ሰው ቁጥሩ ከዚህ ሊበልጥ ይችላል።

ለሳይኮሲስ፣ ማለትም ሰው ከእውነታ ርቆ የሌለ ነገር ለሚያይበትና ለሚሰማበት ሕመም፣ የሚሰጡት እነ ሪስፔሪዶን፣ ኦላንዛፒንና ሃሎፔሪዶል ሐራራ አያመጡም። አርቴን ግን ለብቻው ልብ ይባል። የሚታዘዘው ሃሎፔሪዶልን የመሰሉ መድኃኒቶች የሚያመጡትን መንቀጥቀጥና የጡንቻ መገተር ለማስታገስ ነው፤ ለደስታ ብለው የሚውጡት ሰዎች መኖራቸውም ይታወቃል። ማንም ሳይጠይቅ ከዓመት ዓመት በካርድ ላይ የሚገለበጠውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ጸሐፊው «በእንግሊዝ ከአራት ሰው አንዱ የአእምሮ መድኃኒት ሱሰኛ ነው» ብለዋል። መነሻው የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና ተቋም በ2019 ያወጣው ሪፖርት ነው። ሪፖርቱ ያለው ሌላ ነው፤ እስከ መጋቢት 2018 በነበረው አንድ ዓመት ከአዋቂዎች 26 በመቶ ያህሉ ከአምስት የመድኃኒት ዓይነቶች ቢያንስ አንዱ ታዞላቸዋል። ከአምስቱ ውስጥ ከኦፒየም ወገን የሆኑ የሕመም ማስታገሻዎችና ለነርቭ ሕመም የሚሰጡት እነ ጋባፔንቲን አሉበት። የታዘዘለትን ሰው ሁሉ ሱሰኛ ብሎ መቁጠር ከየት እንደመጣ ጸሐፊው ቢነግሩን ደስ ይለናል።

«እሾህ በአንዴ ይነቀላል፤ ሐራራው በ3 ቀን ይወጣል»

ከጽሑፉ ሁሉ አደገኛው መስመር ይህ ነው። እሾህ ሥጋ ውስጥ ሲሰነብት ሥጋው ሥራውን ለእሾሁ አይለቅለትም፤ አንጎል ግን ለኪኒኑ ይለቅለታል። ዲያዜፓም አንጎልን የሚያረጋጋውን ጋባ የተባለ ኬሚካል ጉልበት ይጨምርለታል። ጉልበቱ ከውጭ ሲመጣለት የከረመ አንጎል የራሱን ይቀንሳል፤ ያን መልሶ ለማደራጀት ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጅበታል። ኪኒኑ በአንድ ቀን ሲነሣ የሚያረጋጋው ደክሞ የሚያነቃቃው በርትቶ ይቀራል። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ይወርዳል፣ ልብ ይመታል፣ ብርሃንና ድምፅ ይረብሻሉ፣ እንቅልፍ ይጠፋል፤ ሲብስም ሰው ይቃዣል፣ በመንፈራገጥም ይወድቃል። ይህ የሚጥል በሽታ ኖሮበት የማያውቅ ሰው ላይ ጭምር ይደርሳል።

«3 ቀን» የሚለው ሒሳብ ደግሞ ከመድኃኒቱ ባሕርይ ጋር አይገጥምም። እንደ ሎራዜፓምና አልፕራዞላም ያሉት ከሰውነት ቶሎ ስለሚወጡ ሕመሙ በ1 ወይም በ2 ቀን ይጀምራል። ዲያዜፓም ግን በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ብቻ 1 ወይም 2 ቀን ይፈልጋል፤ ጉበት ከእሱ የሚሠራው ሌላ ንጥረ ነገር ደግሞ ከዚያም በላይ ይቆያል፣ እሱም ያረጋጋል። ስለዚህ ዓመት ሙሉ ዲያዜፓም ወስዶ ሰኞ የጣለ ሰው ሐሙስ ገበያ ወጥቶ «ይኸው፣ ምንም አልሆንኩም» ቢል አይግረማችሁ። ሐሙስ ዕለት መድኃኒቱ ገና ከሰውነቱ አልወጣም። የሚበረታው ብዙ ጊዜ ከሳምንት ወዲህና ወዲያ ነው፤ ያኔ ሰውየውም ቤተሰቡም ኪኒኑን ረስተውታል፣ «ምን ለከፈው?» ማለት ይጀምራል።

የሚጥል በሽታ ታካሚዎች ብዙ ቦታ የሚታዩት በዚያው በአእምሮ ሕክምና ክፍል ስለሆነ ጽሑፉ እነሱም እጅ ይገባል። ፌኖባርቢታል፣ ካርባማዜፒን ወይም ቫልፕሮኤት የሚወስድ ሰው በድንገት ሲያቆም ውድቀቱ ተመልሶ መምጣቱ ብቻ አይደለም የሚያሰጋው፤ አንዱ ሳያበቃ ሌላው እየቀጠለ ራስን ሳያውቁ መቆየትም አለ፣ እሱ ይገድላል። በእኛ አካባቢ ምድጃው ከወለል እኩል ነው፣ ውኃ የሚቀዳው ከወንዝና ከጉድጓድ ነው። አንድ ውድቀት እሳት ላይ ወይም ውኃ ዳር ከሆነ በቂ ነው። ለእነዚህ ሰዎች የማቆም ነገር የሚነሣው ቢያንስ 2 ዓመት ያለ አንዳች ውድቀት ካለፈ በኋላ ነው፤ ያኔም በወራት ነው የሚቀነሰው።

ሊቲየም የሚሰጠው ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ ለሚልበት፣ ባይፖላር ለተባለው ሕመም ነው፤ በድንገት ሲቆም ከልክ ያለፈው የስሜት ከፍታ ከነበረው በርትቶ ሊመለስ ይችላል፤ ቢያንስ በ4 ሳምንት፣ ቢቻል እስከ 3 ወር ተዘርግቶ ይቀነሳል። ቫልፕሮኤት የምትወስድ ሴት ማርገዟን ካወቀች፣ መድኃኒቱ ጽንሱን ስለሚጎዳ በዚያው ሳምንት ሐኪም ፊት ትቅረብ እንጂ በራሷ አትጣለው። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ መንፈራገጥ ኖሮበት የሚያውቅ፣ አረቄ ወይም ሌላ መጠጥ በየቀኑ የሚጠጣ፣ እንዲሁም ራሱን ለማጥፋት አስቦ የሚያውቅ ሰው እቤቱ ሆኖ ዲያዜፓም መቀነስ የለበትም።

«በግማሽ፣ ከዚያ አንድ ቀን እየዘለሉ»

ምክር ሲሉት ለስላሳ ይመስላል። ቁጥሩን እንየው።

ማታ ማታ 10 ሚ.ግ. ዲያዜፓም የሚወስድ ሰው እንውሰድ፤ ባለ 5 ሚ.ግ. ሁለት ፍሬ ማለት ነው። በጽሑፉ መንገድ ከ10 ወደ 5፣ ከ5 ወደ ዜሮ ነው። የመጀመሪያው እርምጃ 50 በመቶ ይቆርጣል፣ ሁለተኛው የቀረውን በሙሉ። ከአሜሪካ የሱስ ሕክምና ማኅበር ጋር በርካታ የሙያ ማኅበራት በ2025 ያወጡት መመሪያ በአንድ ጊዜ ከ5 እስከ 10 በመቶ፣ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ መቀነስን መነሻ አድርጎ ይመክራል፤ በአብዛኛው በ2 ሳምንት ከ25 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል።

በእጃችን ባለው ባለ 5 ሚ.ግ. ፍሬ ይህን እንዴት እንሠራዋለን? ሩብ ፍሬ 1.25 ሚ.ግ. ነው። በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ ሩብ ፍሬ መቀነስ፤ 10፣ 8.75፣ 7.5፣ 6.25፣ 5። እዚህ ድረስ ለብዙ ሰው ይሆናል። ከዚያ በኋላ ግን ልብ በሉ፤ የሚቆረጠው ያው ሩብ ፍሬ ሆኖ ሳለ ከ10 ወደ 8.75 ሲወረድ 12.5 በመቶ ነበር፣ ከ5 ወደ 3.75 ሲወረድ 25 በመቶ፣ ከ2.5 ወደ 1.25 ሲወረድ 50 በመቶ፣ ከ1.25 ወደ ዜሮ ደግሞ መቶ በመቶ ይሆናል። «ሁሉን ተወጥቼ የመጨረሻዋ ሩብ ፍሬ አቃተችኝ» የሚል ሰው ሰነፍ ወይም ሱሰኛ ሆኖ አይደለም፤ ትልቁ ቁልቁለት ያለው እዚያ ስለሆነ ነው።

ስለዚህ ከ5 ሚ.ግ. በታች እርምጃው ከሩብ ፍሬ ማነስ አለበት። ባለ 2 ሚ.ግ. ፍሬ ወይም የዲያዜፓም ሽሮፕ ከተገኘ ነገሩ ይቀላል። ካልተገኘ አንድ ባለ 5 ሚ.ግ. ፍሬ በ10 ሚ.ሊ. ውኃ ውስጥ በደንብ ተፈጭቶ ይበተናል፤ 1 ሚ.ሊ. ላይ 0.5 ሚ.ግ. ይደርሳል። 2.5 ሚ.ሊ. ማለት 1.25 ሚ.ግ.፣ 2 ሚ.ሊ. ማለት 1 ሚ.ግ. ነው፤ በዚህ ዓይነት እስከ ግማሽ ሚ.ሊ. መውረድ ይቻላል። ዲያዜፓም ውኃ ውስጥ አይሟሟም፣ ይንሳፈፋል፤ ሳይነቀነቅ የተቀዳ እንደሆነ አንድ ቀን ባዶ ውኃ፣ ሌላ ቀን ሙሉ መጠን ይጠጣል። በደንብ ነቅንቆ፣ መርፌው በተነቀለ ባለ 10 ሚ.ሊ. ሲሪንጅ ወዲያው መቅዳት፣ የቀረውን መድፋት፣ ለነገ አለማስቀመጥ። ፋርማሲስቱ አንድ ጊዜ ፊታችሁ ሠርቶ ያሳያችሁ፤ ይህን መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ፍሬን በምላጭ አራት ቦታ መክፈል እኩል ሩብ አይሰጥም፤ ይፈረፈራል። አራቱን ቁራጮች በሳጥን አስቀምጦ ሌላ ፍሬ ሳይከፍሉ በተከታታይ 4 ቀን መጨረስ ይሻላል። አንድ ቀን ቢያንስ በማግሥቱ ይካካሳል፤ ዲያዜፓም ቶሎ ከሰውነት ስለማይወጣ ልዩነቱን ሰውነት ብዙም አያውቀውም። ይህ ብልሃት ግን እንደ ሎራዜፓምና አልፕራዞላም ላሉት ቶሎ የሚወጡ አይሠራም። በእነሱ ላይ ያለ ሰው ሐኪሙ ቀስ በቀስ ወደ ዲያዜፓም ሊያዛውረው ይችላል፤ በግምት 1 ሚ.ግ. ሎራዜፓም፣ ወይም 0.5 ሚ.ግ. አልፕራዞላም፣ ወይም 6 ሚ.ግ. ብሮማዜፓም ከ10 ሚ.ግ. ዲያዜፓም ጋር ይቀራረባል። ጉበቱ የታመመና ዕድሜው የገፋ ሰው ግን በዚህ ግምት አይመራ፤ ዲያዜፓም ሰውነቱ ውስጥ ይጠራቀምበታል።

አንድ እርምጃ ሲከብድ ወደ ላይ መመለስ ሳይሆን እዚያው ላይ ተጨማሪ 2 ሳምንት መቆየት ነው ደንቡ። ዛሬ ቀንሶ ነገ ጨምሮ ከነገ ወዲያ መቀነስ ከሁሉ ይከፋል።

አሁን «አንድ ቀን መዝለል» ወደሚለው እንምጣ። ሰርትራሊን በደም ውስጥ በግማሽ የሚቀንሰው በአንድ ቀን ገደማ ነው፤ ሁለት ቀን ያልወሰደ ሰው ደም ውስጥ የሚቀረው ከሩብ እምብዛም አይበልጥም። በማግሥቱ ሲወስድ ይወጣል፣ ሲዘል ይወርዳል። ይህ መድኃኒቱን መቀነስ አይባልም፤ በየሁለት ቀኑ አዲስ የማቋረጥ ሕመም መጀመር ነው። መዝለል የሚያስኬደው ፍሉኦክሰቲን ላይ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። እሱና ከእሱ የሚወጣው ንጥረ ነገር ሰውነት ውስጥ ለሳምንታት ስለሚቆዩ 20 ሚ.ግ. ካፕሱሉን በየሁለት ቀኑ፣ ከዚያ በየሦስት ቀኑ መውሰድ ይቻላል። በዚያው ልክ የፍሉኦክሰቲን የማቋረጥ ሕመም ካቆሙ ከሳምንታት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል በአንደኛው ሳምንት «ተገላገልኩ» ማለት አይገባም።

አሚትሪፕቲሊን በቀን 75 ሚ.ግ. ከሆነ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ 25 ሚ.ግ. መቀነስ፣ የመጨረሻዋን 25 በግማሽ ወይም በባለ 10 ሚ.ግ. ፍሬ ማለፍ። በድንገት ሲቆም ማቅለሽለሽ፣ ምራቅ መብዛት፣ ላብና አስፈሪ ሕልም ያመጣል። ለራስ ምታት ወይም ለነርቭ ሕመም ተብሎ የተሰጣችሁ «ማታ የምትወሰድ ትንሽ ፍሬ» እሱ ሊሆን ስለሚችል ስሙን ማሸጊያው ላይ አንብቡ።

ለድባቴ በሚሰጡት ላይም መጨረሻው ከመጀመሪያው ይከብዳል። ሲታሎፕራም በሚባለው ላይ የተሠሩ የአንጎል ምስል ጥናቶች 20 ሚ.ግ. ሴሮቶኒን የተባለውን የአንጎል ኬሚካል ከሚያጓጉዙት ክፍሎች 80 በመቶ ያህሉን እንደሚይዝ ያሳያሉ፤ 10 ሚ.ግ. 70 በመቶ ያህል፣ 5 ሚ.ግ. እንኳ 60 በመቶ ያህል ይይዛል። ከ20 ወደ 5 የወረደ ሰው አንጎሉ ገና ብዙ አልተነካበትም፤ ከ5 ወደ ዜሮ ሲዘል ነው የሚወድቀው። ለንደን የሚሠሩ ሆሮዊትዝና ቴይለር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2019 ይህን ይዘው ነው ወደ መጨረሻው እርምጃው እያነሰ፣ ጊዜው እየረዘመ ይሂድ ያሉት።

በዝግታ እንዲለቁ ተደርገው የተሠሩ ካርባማዜፒንና ቫልፕሮኤት ግን አይፈጩም፤ የቀኑ መጠን በአንዴ ይለቀቃል።

«ሐኪም አንዴ ካስጀመረ አያስቆምም»

እዚህ ላይ ጸሐፊውን ለመከራከር አንቸኩልም። ለ2 እስከ 4 ሳምንት የተጀመረ ዲያዜፓም ዓመት የሚሞላው ታካሚው ስለፈለገው ብቻ አይደለም። ወረፋው ረጅም ነው፣ ባለሙያው ካርዱን ገልብጦ ያለፈውን ማዘዣ መልሶ ይጽፋል፣ ሲጀመር መቼ እንደሚቆም አልተነገረም። ይህ የእኛ የሙያው ሰዎች ጥፋት ነው።

ይሁን እንጂ የማቆሚያ ጊዜ የለም ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውና እኛም አገር የሚሠራበት ኤምኤችጋፕ የተባለው መመሪያ ለድባቴ የሚሰጠው መድኃኒት ምልክቱ ከጠፋ ከ9 እስከ 12 ወር ድረስ እንዲቀጥል፣ ከዚያም ቢያንስ በ4 ሳምንት ቀስ ተብሎ እንዲቆም ይላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የታመመ የሳይኮሲስ ታካሚም ሙሉ በሙሉ ከዳነ 12 ወር ካለፈው በኋላ ማቆም ይታሰብለታል። «መቼ ነው የማቆመው?» ብሎ መጠየቅ ሐኪሙን መድፈር አይደለም። የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑን፣ የተጀመረበትን ወርና ዓመት፣ የሚጠጣና የሚቃም ነገር ካለም በአንድ ወረቀት ጽፎ መግባት የ5 ደቂቃዋን ቀጠሮ ያስረዝማታል።

ማቆም ለሁሉም እኩል አይደለም። በ2021 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በወጣ የእንግሊዝ ጥናት፣ ደህና ሆነው ለረጅም ጊዜ ፀረ ድባቴ ይወስዱ ከነበሩት ውስጥ ካቆሙት 56 በመቶ፣ ከቀጠሉት ደግሞ 39 በመቶ በአንድ ዓመት ውስጥ አገርሽቶባቸዋል። ማለትም ካቆሙት መካከል ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው አላገረሸበትም። ለስኪዞፍሬኒያ የሚሰጡትን በተመለከተ ግን በ2012 በላንሴት የወጣ ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ፣ በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ከሚወስዱት 27 በመቶ፣ ካቆሙት 64 በመቶ እንዳገረሸባቸው አሳይቷል። ሁለቱን ቁጥሮች ላየ ሰው «ሁሉም ዛሬ ይጣል» የሚለው ምክር ለማን እንደተጻፈ ግራ ይገባል።

«ካቆሙ በኋላ የሚሰማው ሁሉ መርዙ ነው»

ሁሉም አይደለም፤ በሽታው የተመለሰም ይኖራል። ለመለየት የሚረዱ ሦስት ነገሮች አሉ። የማቋረጥ ሕመም በቀናት ውስጥ ይጀምራል፤ የሚያገረሽ ድባቴ ብዙ ጊዜ ሳምንታትና ወራት ቆይቶ፣ ቀስ እያለ ይመጣል። የማቋረጥ ሕመም ከበሽታው ጋር ያልነበሩ አዳዲስ ነገሮች ያሳያል፤ ጭንቅላት ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደነዘረ መሰማት፣ ዓይን ሲዞር ማዞር፣ ማቅለሽለሽ። የማቋረጥ ሕመም መድኃኒቱ ሲመለስ በ1 እስከ 3 ቀን ይለቃል፤ ድባቴ ግን መድኃኒቱ ተመልሶም ሳምንታት ይፈልጋል።

የወር መርፌ የሚወስዱ ሰዎች ላይ ይህ መለያ ያታልላል። ፍሉፌናዚን ዲካኖኤት የተባለው የሳይኮሲስ መርፌ ጡንቻ ውስጥ ተቀምጦ እየተንጠባጠበ ስለሚሠራ፣ ያቆመ ሰው ለወራት ደህና ሆኖ ሊቆይ ይችላል። በዚያ መሐል ጸበል ሄዶ ወይም ሩቅያ ተቀርቶለት ከሆነ ቤተሰቡ የዳነው በዚያ ነው ይላል። ጸበሉንም ቁርኣኑንም ማንም አይከለክልም፤ ከመርፌው ጋር አይጣሉም። ቤተሰብ ማየት ያለበት ግን ሌሊት አለመተኛት፣ ሰው መጠራጠር፣ ብቻን ማውራትና ከቤት አለመውጣት ሲጀምር ነው፤ ሙሉ ሕመሙ እስኪመለስ መጠበቅ አያስፈልግም።

«ለእንቅልፍ ጥቁር አዝሙድ በማር»

አይጎዳም፤ የዲያዜፓምን ቦታ ግን አይተካም። ይልቅ ጅማ ውስጥ እንቅልፍ የሚነሳው ምን እንደሆነ ጽሑፉ ዝም ማለቱ ገረመን። ከሰዓት በርጫ ይቀመጣሉ፣ ምርቃናው እስከ ማታ ይዘልቃል፣ ከዚያ ለመተኛት ዲያዜፓም ወይም ጨብሲ። ጠዋት ድብርት፣ ከሰዓት ደግሞ ጫት። ይህ ሰው ዲያዜፓሙን ሲቀንስ የሚያጣው እንቅልፍ የማቋረጥ ሕመም ይሁን የጫቱ ሥራ ሊታወቅ አይችልም። ዲያዜፓምና አረቄ በአንድ ሌሊት ደግሞ እስትንፋስ ሊያቆሙ ይችላሉ።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ይሻላል። በመጀመሪያ ጫቱን ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት መጨረስ፣ ቡናውንም እንዲሁ፤ መጠኑን ለ3 ወይም 4 ሳምንት እየቀነሱ መሄድ። እንቅልፉ በዚያ ላይ ሲረጋ የዲያዜፓሙ የመጀመሪያ ሩብ ይቀነስ። ሁለቱን በአንድ ሳምንት መጣል አይመከርም፤ ጫት ያቋረጠ ሰው በእንቅልፍ ልቡ የሚያየው ዱካክ ከኪኒኑ ጋር ይምታታል። የቡና ለቀማ ሰሞንና ረመዳን መቀነስ ለመጀመር አይመቹም፤ እንቅልፍና ምግብ ሰዓታቸው ይዛነፋል። በረመዳን የሚጾም ሰው በቀን አንዴ የሚወሰደውን ወደ ኢፍጣር ማዛወር ይችላል፤ ሊቲየም የሚወስድ ግን ከመጾሙ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ፣ ውኃ ሲያንስ ሊቲየሙ ደም ውስጥ ይከማቻልና።

ከዴዶ፣ ከሰቃ፣ ከሊሙ ለሚመጡ አንድ ነገር እንጨምር። ብዙው ድንገተኛ ማቋረጥ በውሳኔ አይደለም የሚመጣው፤ መድኃኒቱ አልቆ፣ ወይም መንግሥት ፋርማሲ ጠፍቶ ነው። ኪኒኑ 10 ቀን ሲቀረው መመለስ፣ ከጠፋም በግል ፋርማሲ በዚያው ስምና መጠን መፈለግ እንጂ «እስኪመጣ ልቆይ» አይባልም።

«የተረፈውን ለተቸገረ ስጡ»

አትስጡ። ጥቂት ፍሬ አሚትሪፕቲሊን ትንሽ ልጅ ይገድላል፣ የአንድ ወሩ ደግሞ አዋቂ። ወደተሰጣችሁበት ፋርማሲ መልሱት።

ጽሑፉን አንብቦ ኪኒኑን የጣለ ሰው ካለ ምን ያድርግ? ዲያዜፓም ወይም ዘመዶቹን፣ ፌኖባርቢታልን ወይም ሌላ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የጣለ ከሆነ ሕመሙ እስኪጀምር አይጠብቅ፤ ዛሬ ወደ ሕክምና ይሂድ። ሳምንታት ካለፉት ግን ድሮ ይወስድ የነበረውን ሙሉ መጠን በአንዴ መመለስ ራሱ አደጋ ነው፤ ሰውነቱ ልምዱን አጥቷልና እስትንፋሱ ሊዳከም ይችላል። ክሎዛፒን የተባለው የስኪዞፍሬኒያ መድኃኒት ከ48 ሰዓት በላይ ከተቋረጠ ከ12.5 ሚ.ግ. እንደ አዲስ ይጀመራል፤ በድሮው መጠን ከተመለሰ የደም ግፊት ሊወድቅ፣ ልብም ሊጎዳ ይችላል። መንፈራገጥ፣ መቃዠት፣ ሌሊት ተከታትሎ አለመተኛት ወይም ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ድንገተኛ ክፍል በቀንም በሌሊትም መሄድ ይቻላል። ስትሄዱ ባዶውን ማሸጊያ ይዛችሁ ሂዱ፤ «ነጭ ትንሽ ፍሬ» ብሎ ለሐኪም መንገር ምንም አይጠቅምም።